በሽማግሌው ሴናተር መሳቅ ይብቃን

(ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ። ዳታ የሚቆጥርባችሁ ሴቭ አድርጋችሁ ማታ አንብቡት። የአሜሪካውን ዓመት ሁሉ በእነሱው አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፣ የእኛን በእኛ።)

የአሜሪካ ሕግ አውጪዎች ስለ ኢንተርኔት ሲጠይቁ የሚያሳዩት ቪዲዮዎች እየዞሩ ይመለሳሉ። ሁላችሁም አይታችኋቸዋል። በ2018 የ84 ዓመቱ ሴናተር ኦሪን ሃች ማርክ ዙከርበርግን «ተጠቃሚዎችህ ካልከፈሉህ ሥራህን እንዴት ታስቀጥላለህ?» ብለው ይጠይቁታል። ልጁ ፈገግ ብሎ «ሴናተር፣ ማስታወቂያ እናሳያለን» ይላል። በዚያው ዓመት መጨረሻ የምክር ቤት አባሉ ስቲቭ ኪንግ የልጅ ልጃቸው ስልክ ላይ ስለወጣ ነገር የጎግሉን አለቃ ሱንዳር ፒቻይን ያፋጥጡታል። መልሱ «አይፎንን የሚሠራው ሌላ ኩባንያ ነው» የሚል ነበር። በ2023 ደግሞ አንዱ ተወካይ የቲክቶኩን ኃላፊ «ቲክቶክ የቤት ዋይፋይ ውስጥ ይገባል ወይ?» ብለው ጠየቁት።

እኛም እንስቃለን። ታግ ታደርጉኛላችሁ። «ቲቸር፣ ዓለምን የሚመሩት እነዚህ ናቸው?» ትሉኛላችሁ። ኮመንቱ ሁሉ የሳቅ ኢሞጂ ነው።

እኔ ዛሬ የምለው አንድ ነገር ነው። መሳቁ ይብቃን። ሰዎቹ አዋቂ ናቸው እያልኩ አይደለም። ሳቁ ዋናውን ነገር ስለሸፈነብን ነው። ሕግ አውጪ ያላወቀው ቦታ ባዶውን አይቀመጥም፤ የሚጠቅመው ሰው ገብቶ ይሞላዋል። ቀልዱ በሁለት ቀን ያልፋል፣ ሕጉ ግን ይቀራል። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከሥሩ እንጀምር።

ከሁሉም በላይ የተሳቀባቸው ሰው ቴድ ስቲቨንስ ናቸው። የአላስካ ሴናተር፣ የ82 ዓመት አዛውንት፣ የቴሌኮም ጉዳይ የሚታይበት የሴኔቱ የንግድ ኮሚቴ ሰብሳቢ። ጁን 28 ቀን 2006 ኮሚቴው ፊት ስለ ኢንተርኔት ተናገሩ። ኢንተርኔት ዕቃ የምትጭንበት ትልቅ መኪና አይደለም፣ ተከታታይ ቱቦ ነው አሉ። ቱቦው በሌላ ሰው ዕቃ ከሞላ ያንተ መልእክት ወረፋ ይጠብቃል አሉ። ማስረጃም አቀረቡ፦ የቢሮዬ ሠራተኞች ዓርብ ጠዋት «አንድ ኢንተርኔት» ላኩልኝ፣ የደረሰኝ ትናንት ነው። ያቺ ቀን ረቡዕ ነበረች። «ኢንተርኔት» ያሉት ኢሜይሉን ነው።

ዓለም በሳቅ ፈረሰ። ዘፈን ተሠራበት፣ ኮሜዲያኖች ሰነባብተውበታል። እስከ ዛሬ «ቱቦ» ሲባል የሚስቅ አለ።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ፣ እንደ ክፍል ውስጥ። ከሳቃችሁት መካከል በዚያ ቀን ኮሚቴው ምን ሊወስን ተሰብስቦ እንደነበር የምታውቁ እጃችሁን አውጡ። ለምን ነበር ሰውዬው ስለ ቱቦ የሚያወሩት?

ኦሎምፒያ ስኖው እና ባይረን ዶርጋን የሚባሉ ሁለት ሴናተሮች፣ አንዷ ከሪፐብሊካን አንዱ ከዴሞክራት፣ ማሻሻያ አቅርበው ነበር። ሐሳቡ የኢንተርኔት መስመር ያላቸው ኩባንያዎች በመስመራቸው የሚያልፈውን ነገር እንዳያበላልጡ የሚያስገድድ ነው። ሽማግሌው ያንን ሲቃወሙ ነው ቱቦውን ያመጡት። ድምፅ ተሰጠ። 11 ለ 11። እኩል ድምፅ ደግሞ ወደቀ ማለት ነው።

አያችሁ? አንድ ድምፅ ነው የጎደለው። ዘፈኑን በቃላችን ይዘነዋል፣ የድምፁን ቆጠራ ግን የሰማን የለንም።

ኔት ኒውትራሊቲ የሚባለው ይኼ ነው፤ በአማርኛ የኔትወርክ ገለልተኝነት እንበለው። ስሙን በ2003 ያወጣለት ቲም ዉ የሚባል የሕግ ምሁር ነው። ሐሳቡ እንደ ስሙ አይከብድም። ቤታችሁ ያለውን የመብራት ቆጣሪ አስቡት። ቆጣሪው ምን ያህል እንደተጠቀማችሁ ይቆጥራል እንጂ እንጀራ ጋገራችሁ ወይስ ቴሌቪዥን አያችሁ ብሎ አይጠይቅም። ምጣዱ የማን ፋብሪካ ነው ብሎም አይጠይቅም። አሁን መብራት የሚያቀርበው ድርጅት አንድ ቀን «ከዘመዴ ፋብሪካ የተገዛ ምጣድ በነጻ ይጋግራል፣ የሌላው ፋብሪካ ምጣድ ግን በእጥፍ ይከፍላል፣ ያልተዋዋለኝ ደግሞ እሳቱ ይቀንስበታል» ቢል ምን ይፈጠራል? ከዚያ ቀን በኋላ የምጣድ ገበያ የሚባል ነገር የለም። ጥሩ ምጣድ የሠራው ሰው ሳይሆን ከቆጣሪው ባለቤት ጋር የተስማማው ሰው ይሸጣል። በቃ፣ ገለልተኝነት ማለት ቆጣሪው ይቁጠር፣ ምጣዱን እኔ ልምረጥ ማለት ነው።

ይኼ የፈጠራ ስጋት አይደለም። በ2007 ኮምካስት የተባለው ትልቅ የአሜሪካ ኩባንያ ደንበኞቹ በቢትቶረንት ፋይል ሲላላኩ በስውር እያቋረጠባቸው ነው የሚል ወሬ ተነሣ። አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ድርጅት ራሱ ሞከረው። የላከው ፋይል ምን ነበር ብትሉ መጽሐፍ ቅዱስ ነው፣ የታወቀው የኪንግ ጄምስ ትርጉም። እሱም ተቋረጠ። የተሰረቀ ፊልም የለ፣ ቫይረስ የለ። የመስመሩ ባለቤት ያንን መንገድ ስላልወደደው ብቻ ነው።

ወደ ሽማግሌው ልመለስና አንድ ነገር ልከራከርላቸው። «ቱቦ» ማለታቸው ያን ያህል ነውር አይደለም። መሐንዲሶች ራሳቸው መስመርን በቧንቧ ይመስሉታል። መስመር ወሰን አለው፣ ሲጨናነቅም ይዘገያል፤ ይኼ እውነት ነው። ስሕተቱ ሌላ ቦታ ነው። ኢሜይል ከዓርብ እስከ ማክሰኞ የሚዘገየው አንድ ሰርቨር ላይ ሲያዝ ነው እንጂ ጎረቤት ፊልም ስላየ አይደለም። ደግሞም መስመር ጠበበ ማለት አንድ ነገር ነው፣ ስለዚህ የመስመሩ ባለቤት ማን ቀድሞ እንደሚያልፍ ይምረጥ ማለት ፍጹም ሌላ ነገር ነው። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የዘለሉት በምን ድልድይ ነው?

ድልድዩን የሠራላቸው ሌላ ሰው ነው። ከወራት በፊት፣ በ2005 መገባደጃ፣ ኤቲ ኤንድ ቲን ጠቅልሎ ሊይዝ የነበረው ኩባንያ አለቃ ኤድ ዊታከር ለአንድ የንግድ መጽሔት ተናግሮ ነበር። ጎግልና መሰሎቹ ቧንቧዬን በነጻ ሊጠቀሙ ይፈልጋሉ፣ እኔ ግን አልፈቅድም ነው ያለው። ልብ በሉ፤ ቧንቧዬን! የሽማግሌው ቱቦ ከሰማይ አልወረደም። በኩባንያው አለቃ አፍ ውስጥ ቀድሞ ነበር። አለቃው ሲናገረው የንግድ ስልት ተባለ፣ ሽማግሌው ሲደግሙት ቀልድ ሆነ። ሁለቱም ግን የሚፈልጉት ያው አንድ ሕግ ነው።

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል። እዚህ ግን ንፍጡም የተዋሱት ነው።

«ታዲያ ምን ያድርጉ፣ አርጅተዋል፣ ዘመኑ አይደለም» የምትሉ አላችሁ። ይኼን ሰበብ በፍጹም አልቀበልም። ሴናተር ሁሉንም ማወቅ አይጠበቅበትም። ስለ ኑክሌርም፣ ስለ መድኃኒትም፣ ስለ ስንዴም ሕግ ያወጣል፤ ሁሉንም ማን ያውቃል? ለዚህ ነው አማካሪ የሚያስፈልገው። የአሜሪካ ምክር ቤት ደግሞ አማካሪ ነበረው! በ1972 የቴክኖሎጂ ምዘና ቢሮ የሚባል የራሱን መሥሪያ ቤት አቋቋመ። የሳይንስ ሰዎችን ሰብስቦ ሪፖርት ያስጽፍ ነበር፤ ወደ 750 የሚጠጉ ጥናቶች ወጥተውለታል። ለኩባንያ የማይሠራ፣ ለአንዱ ፓርቲ የማይወግን፣ ሕግ አውጪው «ይኼ ነገር እንዴት ነው የሚሠራው?» ሲል የሚመልስለት ቤት ነበር።

በ1995 በጀቱን ቆርጠው ዘጉት። ኒውት ጊንግሪች አፈ ጉባኤ የሆኑበት ዓመት ነው። የመንግሥት ወጪ እንቀንስ ተብሎ ነው። ዓመቱን እዩልኝ። ኢንተርኔት ወደ ሰው ቤት መግባት የጀመረበት ጊዜ ላይ፣ ስለ ኢንተርኔት የሚያስረዳቸውን ቤት በገዛ እጃቸው ዘጉት። ዓይነ ስውር አይደሉም፣ መነጽራቸውን ነው የሰበሩት። ከዚያ በኋላ አስረጂ ሆኖ በር የሚያንኳኳው ማን ነው? ደመወዙን ኩባንያ የሚከፍለው ወትዋች። ወትዋቹ ደግሞ በደንብ ያውቃል! ቻርት ይዞ ይመጣል፣ በትሕትና ይናገራል፣ የተዘጋጀ የሕግ ረቂቅም በቦርሳው አለው። ለዚህ ነው አለማወቅ ገለልተኛ አይደለም የምለው። አለማወቅ ክፍት ወንበር ነው፣ ቀድሞ የደረሰ ይቀመጥበታል።

ውጤቱን ደግሞ በሃያ ዓመት ታሪካቸው እዩት። የአሜሪካው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2008 ኮምካስትን ጥፋተኛ አለ፤ በ2010 ፍርድ ቤት ሥልጣን የለህም ብሎ ሻረው። ኮሚሽኑ ሌላ ደንብ አወጣ፤ በ2014 ፍርድ ቤት አብዛኛውን ጣለው። በ2015 በ3 ለ 2 ድምፅ ጠንካራ ደንብ ወጣ፤ በ2017 ሊቀመንበሩ ሲቀየር በ3 ለ 2 ድምፅ ተሻረ። አዲሱ ሊቀመንበር አጂት ፓይ ቀድሞ የቬራይዘን ጠበቃ ነበሩ፤ ቬራይዘን ደግሞ የ2014ቱን ክስ ያቀረበው ኩባንያ ነው። በ2024 እንደገና በ3 ለ 2 ደንቡ ተመለሰ። ጃንዋሪ 2 ቀን 2025 የይግባኝ ፍርድ ቤት እንደገና ጣለው።

ይኼ ዥዋዥዌ ለምን አልቆመም? የሚከራከሩበት ሕግ ግንዱ የ1934 ነው፤ ለስልክና ለቴሌግራፍ የተጻፈ። በ1996 ተሻሽሏል፤ ያኔ ዩቲዩብም ፌስቡክም የሉም። እያንዳንዱ ፍርድ ቤት እየዞረ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ምክር ቤቱ ምን ብሎ ነበር? ምክር ቤቱ ደግሞ ምንም አላለም። አንድ ግልጽ አንቀጽ ጽፎ መጨረስ የሚገባው ቤት፣ ዙከርበርግን ጠርቶ ካሜራ ፊት ይቆጣል። ቪዲዮውን እኛ ሼር እናደርጋለን። ያቺን አንቀጽ የሚጠይቃቸው ግን የለም።

«ሕዝቡ አስተያየት ሰጥቶ የለ እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። ሰጥቷል። በ2014 ኮሜዲያኑ ጆን ኦሊቨር በቴሌቪዥን ጉዳዩን ካስረዳ በኋላ ለኮሚሽኑ የደረሰው አስተያየት ወደ 4 ሚሊዮን ተጠጋ። በ2017 ግን ቁጥሩ ከ22 ሚሊዮን አለፈ። የኒውዮርክ ዋና ዓቃቤ ሕግ ቢሮ መርምሮ በ2021 ያወጣውን ሪፖርት ስሙ። ከእነዚያ ውስጥ ወደ 18 ሚሊዮኑ የሐሰት ነው። 8.5 ሚሊዮን ያህሉ፣ የኢንተርኔት ኩባንያዎች ገንዘብ ባወጡበት ዘመቻ፣ በሰዎች ስም ሳይጠየቁ የገባ ነው። በሌላው ወገንም ንጹሕ የለም፤ ደንቡ ይቆይ የሚል 7.7 ሚሊዮን አስተያየት ያስገባው አንድ የ19 ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ነበር፣ ስም እየፈጠረ። ሁለት ሴናተሮች፣ አንድ ዴሞክራት አንድ ሪፐብሊካን፣ በራሳቸው ስም አስተያየት ተጽፎ አገኙት! እንግዲህ ሕግ አውጪው የማጣራት አቅም ከሌለው የሕዝብ ድምፅ ራሱ እንዲህ በማሽን ይታተማል።

እዚህ ጋ አንድ ተገቢ ተቃውሞ አለ፤ ልሸሸው አልፈልግም። «በ2017 ደንቡ ሲሻር ኢንተርኔት ያልቃል፣ ይሞታል ሲባል ነበር። ሞተ እንዴ? ኔትፍሊክስ ይሠራል፣ ዩቲዩብ ይሠራል።» እውነት ነው፣ አልሞተም። መርዶ ያበዙም ነበሩ። ግን ሁለት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ ካሊፎርኒያ በ2018 የራሷን ሕግ አወጣች፣ ሌሎች ግዛቶችም ተከተሉ፤ ስለዚህ ሜዳው ዳኛ አልባ አልሆነም። ሁለተኛ፣ ኔትፍሊክስና ዩቲዩብማ ድሮስ ምን ይሆናሉ? ለመስመር ባለቤት የሚከፍሉት ገንዘብ አላቸው። ኔትፍሊክስ በ2014 ከኮምካስት ጋር ተዋውሎ ከፍሏል። የሚጎዳው የማይከፍለው ነው። ገና ያልተወለደው፣ ስሙን የማናውቀው፣ በአንድ ላፕቶፕ የጀመረው ልጅ። ሳይጀምር የቀረውን ማን ቆጥሮት ያውቃል?

«አሜሪካ ምን አገባን?» ወደምትሉት ልምጣ። በቀጥታ ያገባናል፤ ምክንያቱም ነገሩ እኛ ዘንድ ሲመጣ ክልከላ መስሎ አይመጣም። ስጦታ መስሎ ነው የሚመጣው።

ሕንድ ላይ የሆነውን ላስታውሳችሁ። ፌስቡክ «ፍሪ ቤዚክስ» የሚል ነገር ይዞ ገባ። ድሃው የተመረጡ ገጾችን በነጻ ይመልከት የሚል ነው። መራጩ ግን ፌስቡክ ነው። ማን ይቃወማል? ድሃ በነጻ ሲያገኝ የሚቃወም ክፉ ሰው ብቻ ነው የሚመስለው። ዙከርበርግ ራሱ ጋዜጣ ላይ ጽፎ ተሟገተ። የሕንድ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ ግን አልተሸነፈም። ያውም የጠየቀው ጥያቄ ዋይፋይ ምንድን ነው አይደለም፤ በሩን ማን ይዞታል ነው። ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2016 ኩባንያዎች እንደሚታየው ይዘት ዋጋ እንዳይለያዩ የሚከለክል ደንብ አወጣ። ፍሪ ቤዚክስ ከሕንድ ወጣ። ሕንድ ድሃ አጥታ ነው? የለም። እዚያ ተቆጣጣሪውም፣ ጉዳዩ ገብቷቸው ኢሜይል ሲልኩ የከረሙት ወጣቶችም ነገሩን ስላወቁት ነው።

እኛ ጋስ? ለማኅበራዊ ሚዲያ ብቻ የሚሆን ጥቅል እንገዛለን። ርካሽ ነው፣ እኔም ጎረቤቴም እንገዛዋለን። አሁን ክፍሌ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። ለተማሪዎቼ በክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ የአንድ ድረ ገጽ ሊንክ ላክሁ፤ ለሥነ ዜጋ ትምህርት የሚያነቡት ሕግ ነበር። በማግስቱ ከክፍሉ ያነበቡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሰነፎች ሆነው አይደለም። «ቲቸር፣ አይከፍትም፤ ጥቅሌ የቴሌግራም ነው» አሉኝ። አንዷ ጎበዝ ተማሪ «ለምን ፒዲኤፍ አድርገው አይልኩልንም?» አለች። ላክሁላቸው። ግን ያቺ ልጅ ነገ እኔ የማላውቀውን ነገር ማወቅ ስትፈልግ ዓለምን በሙሉ ፒዲኤፍ አድርጎ የሚልክላት ማን ነው?

የባሰው ደግሞ ይኼ ነው። አንድ የሐሰት ፎቶ፣ አንድ የተቆረጠ ቪዲዮ፣ አንድ «እከሌ ብሔር እንዲህ ተደረገ» የሚል ጽሑፍ በጥቅሉ ውስጥ እየፈሰሰ ይገባል። እውነት ነው ወይ ብሎ ለማጣራት ግን ከጥቅሉ መውጣት ያስፈልጋል። የዜና ድርጅቱ ገጽ ከጥቅሉ ውጭ ነው። ሰነዱ ከጥቅሉ ውጭ ነው። ፎቶው ከየት አገር እንደተወሰደ የምትፈልግበት ጎግል ከጥቅሉ ውጭ ነው። ወሬው በርካሽ፣ ማጣሪያው በውድ! በወሬ ሰው በሚሞትበት አገር ይኼ የዋጋ ዝርዝር ብቻ ነው ትላላችሁ?

«እና ድሃው ጭራሽ ይቅርበት?» አይቅርበት። ርካሽነት አይደለም ጥፋቱ። የሌሊት ጥቅል ርካሽ ነው፤ የት እንደምትሄድ ግን አይጠይቅህም። በሰዓት ቀንሱ፣ በመጠን ቀንሱ፣ ለተማሪ ቀንሱ፣ እሰየው። በመዳረሻ አትቀንሱ። ልዩነቱ ይኼው ነው፣ የቆጣሪውና የምጣዱ ልዩነት። ይኼን ልዩነት የሚያውቅ ሕግ አውጪ ወይም ተቆጣጣሪ አንድ አንቀጽ ጽፎ ይጨርሰዋል። የማያውቀው ደግሞ «ለሕዝቡ የቀረበ ቅናሽ» ብሎ ያጨበጭባል።

የእኛም ቤት ታሪክ አለው፣ በአሜሪካ ብቻ አንሳቅ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ፣ ቁጥር 761፣ በኢንተርኔት በኩል የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠትን ወንጀል አደረገው። ያኔ «ስካይፕ ልንከለከል ነው» ተብሎ ስንት ሰው ደነገጠ! ባለሥልጣናቱ ወጥተው የግል ጥሪን አይመለከትም አሉ። ጥሩ። ግን በኢንተርኔት የስልክ ንግድ የሚያካሂደውንና አረብ አገር ካለች ልጇ ጋር የምታወራውን እናት የሚለየው ቃል በአዋጁ ላይ ጥርት ብሎ መጻፍ ነበረበት። ሕግ በአፍ ማብራሪያ አይታረምም፤ አብራሪው ነገ ይቀየራል፣ አንቀጹ ግን እዚያው ነው። ዛሬ በኢሞና በዋትስአፕ ልጇን ሳታይ የምትውል እናት ስንት ናት?

ፈተናውንስ የምንረሳው ነው? በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ወጣ፤ ፈተናው ተራዘመ፣ በድጋሚው ጊዜ ማኅበራዊ ሚዲያ ተዘጋ። በ2009 እና በ2011 ዓ.ም.ም በፈተና ሰሞን ኢንተርኔት ጠፋ። ይኼ ከጥቅሉ የተለየ በሽታ ነው፣ ግን ዘሩ አንድ ነው፤ በሩን የያዘው ሰው ያለ ግልጽ ሕግ ይወስናል። ደግሞም ፈተናው የሾለከው ከኢንተርኔት ሳይሆን ከሰው እጅ ነው። ኢንተርኔቱ አደረሰው እንጂ አልሰረቀውም። ለአንድ ወረቀት ሌባ ሲባል ባንኩም፣ ሆስፒታሉም፣ ነጋዴውም መስመር አጣ። በኋላ ምን ተደረገ? ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲፈተኑ ተወሰነ፤ ማለትም መፍትሔው ወረቀቱ የሚያልፍበትን እጅ መጠበቅ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከፊሎቹ ተማሪዎች ያንኑ ፈተና ኮምፒውተር ላይ በኦንላይን ወሰዱት። በስምንት ዓመት ውስጥ፣ ለፈተናው ሲባል ከተዘጋ ኢንተርኔት፣ በኢንተርኔት ወደሚሰጥ ፈተና ደረስን። መዝጋቱን የወሰነው ፓርላማው አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ማን፣ መቼ፣ በምን ምክንያት፣ ለስንት ቀን መዝጋት ይችላል የሚለውን ጥርት አድርጎ መጻፍ የማን ሥራ ነው?

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሁላችንም መሐንዲስ እንሁን አልልም። እኔም የዲፕሎማ መምህር ነኝ፣ ሰርቨር ፈትቼ አልገጥምም። ሕግ አውጪውም ዋይፋይ እንዴት እንደሚሠራ ባያውቅ ግድ የለኝም። ሥነ ዜጋ ስናስተምር ስለ ሥልጣን ክፍፍል እናስጠናለን፤ እኔ በዚያ ላይ ሦስት ጥያቄ እጨምራለሁ፣ ለማንኛውም የምክር ቤት አባል፣ ለአሜሪካውም ለእኛውም፦

ይኼን ነገር ማን ነገረህ?
የነገረህ ሰው ከሕጉ ምን ያገኛል?
ተቃራኒውንስ ከማን ሰማህ?

ሽማግሌው ስቲቨንስ እነዚህን ሦስት ቢጠየቁ ኖሮ ቱቦው የማን እንደሆነ እዚያው ክፍል ውስጥ ይታወቅ ነበር።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ይኼ ለእናንተ ነው። አንዳንዶቻችሁ ሕግ አጥንታችኋል፣ አንዳንዶቻችሁ ቴሌኮም ውስጥ ትሠራላችሁ፣ ሁለት ሦስታችሁ መንግሥት ቤት ረቂቅ ታዘጋጃላችሁ፤ ኮርቼባችኋለሁ። ረቂቅ አዋጅ ለውይይት ሲቀርብ፣ ቋሚ ኮሚቴው አስረጂ ሲጠራ፣ ባለሥልጣኑ መመሪያ ሲያወጣ እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው አለ። እናንተ ካልሄዳችሁ ወንበሩ ባዶ አይሆንም፤ የሚከፈለው ሰው ይሄድበታል። የሚከፈለው ሰው ደግሞ ሳይታክት ነው የሚሄደው።

ውጭ ያላችሁ፣ በተለይ አሜሪካ የምትመርጡ ወገኖቼ፣ እናንተማ ተወካይ አላችሁ፣ ስልኩም አድራሻውም ይታወቃል። ያቺ ያልተጻፈችው አንቀጽ የት ደረሰች ብላችሁ ደውሉለት።

እና ደግሞ ነገ ያው ቪዲዮ ዞሮ ሲመጣ፣ መምጣቱ አይቀርም፣ የሳቅ ኢሞጂ ከመጫናችሁ በፊት በዚያ ቀን ድምፁ ስንት ለስንት እንደነበር ፈልጉልኝ። ጥቅላችሁ ከፈቀደ።

(ሐሳብ ያላችሁ ኮመንት ላይ እንገናኝ። የማልስማማበትን አልሰርዝም፤ ስድብ ግን እሰርዛለሁ፣ ታውቁኛላችሁ።)